የቀኝ በኩሉ መረገጫ

«ልጄ መረገጫ ገዛልኝ» አለች እናቱ ከግድግዳው ወዲያ። «ከእንግዲህ ማንም አያነሳኝም። ራሴ ነኝ የምወጣው!»

ሳህሉ የሸሚዙን አንድ እጅጌ አጥልቆ ሁለተኛውን ሳያጠልቅ ቆመ። የሱን ክፍልና የእናቱን ሳሎን የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ኖራ ተቀብቶ ያምራል እንጂ ሳል እንኳ አይከለክልም። እናቱ የምታወራው ለጎረቤቷ ለእትዬ ዙሌይካ ነበር። እትዬ ዙሌይካም «ማሻላህ! አላህ ይጠብቅልሽ፣ ልጅ ማለትማ እንዲህ ነው» አሉ። ልጅ ማለትማ እንዲህ ነው! ሰማችሁ? እናቱ «ልጄ» ስትል ባምላኩን ማለቷ ነው፤ ታላቅየውን፣ ቴፒ ያለውን፣ ቡና አቅራቢውን፣ ባለ ፕራዶውን። ሳህሉን ለሰው ስታወራ «ይሄ ልጅ» ነው የምትለው። «ይሄ ልጅ ከሰል አመጣ እንዴ?» «ይሄ ልጅ ዛሬም አመሸ።» ክፋት የላትም፣ ልማድ ነው። ግን ልማድም ያማል፣ በተለይ ጠዋት በባዶ ሆድ ሲሰሙት። ሁለተኛውን እጅጌ አጠለቀና ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለ፣ ሴቶቹ ሌላ ወሬ እስኪጀምሩ ድረስ ቆለፈ።

የእናቱን ሳሎን ያየ ሰው በዚያ ቤት ማን እንደሚወደድ ለማወቅ አይቸገርም። ሶፋውን የገዛው ባምላኩ ነው። ባለመስታወቱን ቡፌ የገዛው ባምላኩ ነው። ጠፍጣፋውን ቴሌቪዥን ያመጣው እሱ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ የተሰቀለው ትልቅ ፎቶም ራሱ ባምላኩ፣ ፕራዶዋን ተደግፎ፣ ክንዱን አጣምሮ። ሳህሉስ ምንም አልገዛም? ኧረ ገዝቷል! በርበሬ ገዝቷል፣ ሳሙና ገዝቷል፣ ከሰል፣ ዘይት፣ የጉልበቷን ቅባት፤ ወር በገባ ቁጥር ይገዛል። ችግሩ እሱ የሚገዛው ነገር ያልቃል። ያለቀ ነገር ደግሞ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፣ እንግዳ ሲመጣም በጣት አይታይም። ከዞን አስተዳደሩ ፊት ለፊት ባለችው የፎቶ ኮፒ ቤቱ የሰው ማመልከቻ ሲያባዛ ውሎ፣ ማታ በሩን ቆልፎ ሲመጣ በፌስታል የሚያንጠለጥለውን ቲማቲምና ዳቦ ልብ ያለለት ሰው የለም። እሱ ግን አንዷንም አልረሳም።

ከዚህ ሁሉ መሀል የሱ የምትባል አንዲት ነገር ነበረችው። ፕራዶዋ ከፍ ያለች ናት፤ ከበሩ ስር ያለው የድሮው መረገጫዋም ክብ ቱቦ ስለሆነ ያዳልጣል። እናቱ ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ ቱቦው ላይ ቆማ መውጣት አልቻለችም፤ ባለፈው ፋሲካ ሞክራ ተንሸራተተችና ቅልጥሟ ተላጠ። ስለዚህ ባምላኩ ለበዓል ወይም ለለቅሶ መጥቶ እናቱን ይዞ ሊወጣ ባሰበ ቁጥር፣ እሷ የግቢው በር ላይ ትቆምና «ሳህሉ! የት ሄድክ፣ ና አንሳኝ!» ትላለች። በስሙ! እሱም መጥቶ አንድ እጁን ከጉልበቷ ስር፣ አንድ እጁን ከጀርባዋ አድርጎ ብድግ ያደርጋታል፤ ጋቢና ያስቀምጣታል፤ የነጠላዋን ጫፍ ሰብስቦ በሩን ይዘጋል። ባምላኩ ወገቡን ያመዋል፤ ቁልፉን ይዞ ቆሞ ከማየት በቀር የሚያደርገው የለም። ጎረቤት ያያል፣ ባለባጃጆች ያያሉ። «ተባረክ! እናትህን እንዲህ አድርገህ የያዝክ» ይሉታል። ለማውረድም የሚያስፈልገው እሱ ነውና ከኋላ ገብቶ አብሮ ይሄዳል፤ ቴፒም፣ አማንም፣ ሰርግም፣ ተዝካርም የሄደው በዚሁ ሰበብ ነው። ለዚያች አንዲት ደቂቃ ፕራዶዋ የሱ ነበረች። አሁን ደግሞ ብረት ተገዝቶ መጣ። ሰው በብረት ይቀናል? ይቀናል እንጂ! ሳህሉ በብረት ቀንቶ እንቅልፍ ሳይወስደው ነው ያደረው።

ብረቱ የመጣው ትናንት ማታ ነው፣ በረጅም ካርቶን ሆኖ፣ ከፕራዶዋ ጣሪያ ላይ ታስሮ። ባምላኩ ሳሎኑ መሀል አስቀምጦ ካርቶኑን ቀደደና ሁለት ጥቁር መረገጫዎች አወጣ። ሰፋፊ ናቸው፣ ላያቸው ጎማ የለበሰ፤ ሲገጠሙም ከድሮዎቹ ዝቅ ይላሉ ተባለ። «ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት፣ ዘጠኝ ሺህ ብር!» አለ፣ ጎረቤትም እንዲሰማ። ባምላኩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁ ግን ትልቅ ነው፣ የሰጠውን ነገር ሁሉ ዋጋውን ሳይናገር አይሰጥም። እናታቸው ከሶፋው ጎንበስ ብላ ጎማውን በመዳፏ ዳሰሰችው። አንዴ ዳስሳ አልበቃትም፤ እራት ሲበላም እጇ እዚያው ነበር። ሳህሉ አንገቱን ደፍቶ እንጀራውን ጎረሰ።

ጠዋት ሳሎን ሲገባ ባምላኩ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ቁርሱን ይበላል። ከፊቱ ያለው ፍርፍር እንቁላል ነበረበት። የሳህሉ ሳህን ላይ ያለው አልነበረበትም። ሰላሳ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው እንቁላል አያይም ትሉ ይሆናል፤ እሱ አየ።

«ጀይላን ጋ ውሰዳትና ያስገጥማት» አለ ባምላኩ ቁልፉን ወርወር አድርጎለት። «እሱ እሁድም ይሠራል። የኔ ወገብ ጋራዥ ቆሞ አይውልም። ስምንት ሰዓት አማን መድረስ አለብን። እማዬ የሙሽራዋ አክስት ናት፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ነው የሚጠብቃት።»

«እሺ ጋሼ» አለ ሳህሉ። በአራት ዓመት ለሚበልጠው ወንድሙ ጋሼ እንዲል ከልጅነቱ ያስለመደችው እናቱ ናት። ሙሽራዋ ትሕትና ደግሞ የእናቱ ታናሽ እህት የማናልሞሽ ልጅ ናት፤ ሰርጉ ከተወራ ጀምሮ እናቱ ሌላ ወሬ የላትም። ከበሩ ሲወጣ ከኋላው ጠራችው። ቆመ። የሆነ ጥሩ ነገር የምትለው መስሎት ነበር።

«ቀስ ብለህ ንዳ፣ የወንድምህን መኪና እንዳታጋጭ» አለችው።

እውነቱን እንነጋገር፣ ፕራዶዋን ሲያስነሳ ግን ደስ አለው። መንጃ ፈቃድ ያወጣው የባምላኩን አይሱዙ እያንቀሳቀሰ ነው፤ መንዳት ይችላል፣ የሚነዳው ነው የሌለው። እሁድ ስለነበር ገበያው ጭር ብሏል፤ ከቅዳሴ የሚመለሱ ነጭ ለባሾችና መጽሐፍ ቅዱስ የያዙ የጸሎት ቤት ሰዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ይተላለፋሉ። ጀይላን ጋ በአቋራጭ መውረድ ሲችል በዞን አስተዳደሩ በኩል ዞረ፣ በራሱ በፎቶ ኮፒ ቤቱ ፊት። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ክንዱንም አውጥቷል። አንድ የሚያውቀው ባለባጃጅ ጥሩምባውን ነፋና «ሳህሉ! ገዛህ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። «የጋሼ ናት» አለ ሳህሉ። ባለባጃጁም «እኔም ብዬ!» ብሎ ስቆ አለፈ። እኔም ብዬ! ምን ማለት ነው እሱ? ሳህሉ ፕራዶ ቢገዛ ምን ይሆናል፣ ሰማዩ ይወድቃል? ክንዱን አስገብቶ መስኮቱን ዘጋው፤ እስከ ጋራዡ ድረስ ያቺን ሳቅ ሲያብሰለስል ሄደ።

የጀይላን ጋራዥ፣ ጋራዥ ይባል እንጂ በቆርቆሮ የታጠረ ቁልቁለት ግቢ ነው። መሀሉ ላይ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ፤ መኪና የሚሠራው ከዛፉ ስር ነው፣ መሬቱም ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ጀይላን መረገጫዎቹን ከካርቶኑ አውጥቶ አገላበጣቸውና በአድናቆት አፏጨ፤ ባዶውን ካርቶን መሬት ላይ አንጥፎ በጀርባው ተንሸራቶ ከፕራዶዋ ስር ገባ። ከዚያ በኋላ የሚታየው ጫማው፣ የሚሰማው ድምፁ ብቻ ሆነ።

«እቺ ቱቦ ለፎቶ ናት እንጂ ለእግር አይደለችም!» አለ ከስር። «ማን ነው የሚወጣባት?»

«እናታችን ናት።»

«እናትማ ከሆነች ዘግይታችኋል» አለ ጀይላን።

የጀመረው በግራ በኩል ነው፣ በሾፌሩ። የዛገው ቡሎን ላይ ናፍታ አርከፈከፈበት፤ እስኪርስ ጠብቆ ቁልፉ ጫፍ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ ሳበው። ቡሎኑ ጮኸ፣ ከዚያ እሺ አለ። አንዱ ሲፈታ ሌላው እየቀለለ የድሮው መረገጫ ተላቆ መሬት ላይ ዱብ አለ፤ የነበረበት ቦታ ላይ የደረቀ የቴፒ ጭቃ ተጋግሮ ቀርቶ ነበር። ጀይላን ጭቃውን ጠርጎ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ፣ አዲሱን አንስቶ ገጠመው። ሳህሉ ጫፉን ደግፎ ያዘለት። ሲያልቅ ጀይላን ከስር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «በል ቁምበት» አለው። ቆመበት። «ዝለልበት!» ዘለለበት። መረገጫው እንዳለ ነው፣ ጭራሽ አልተነቃነቀም። ውይ፣ ትንሽ ቢነቃነቅ ምን ነበረበት! ሳህሉ ተረከዙን እየጫነ፣ አንድ እንከን እየፈለገ፣ ከፊት በር እስከ ኋላ በር ድረስ ሄደበት። እንከን አልነበረውም። ጎማው እግር ይይዛል፣ ከፍታው ለአሮጊት ጉልበት ልክ ነው። ባምላኩ እናቱን በዓመት ስንት ቀን ያያታል? የጉልበቷን ልክ ከየት አወቀው? ይሄ ይሄ ነው አንጀቱን ያሳረረው።

በቀኝ በኩል፣ በእናቱ በኩል፣ ነገሩ ተበላሸ። የድሮው መረገጫ ወረደ፣ ግን የፊተኛው ቡሎን አንገቱ ላይ ተቆርጦ ግማሹ ሻንሲው ውስጥ ቀረ። ጀይላን ተሳደበ፣ አላህን ይቅርታ ጠየቀ፣ ደግሞ ተሳደበ። የተቆረጠውን ለማውጣት ጫፉ ላይ ዳዶ በብየዳ ማጣበቅና እሱን ይዞ መጠምዘዝ አለበት። ለብየዳ መብራት ያስፈልጋል። መብራት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የለም።

«በቀሩት ቡሎኖች አትገጥመውም?» አለ ሳህሉ። ለምን እንደጠየቀ ራሱም አላወቀም።

«ወላሂ አላደርገውም። የፊተኛው ነው ክብደቱን የሚሸከመው። እናትህ ጋቢና ልትወጣ ስትል ተጣሞ ቢጥላትስ? መብራቱ ይምጣ፣ ከመጣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።»

ጀይላን እጁን ታጥቦ ለዙህር ሶላት ወጣ። አዛኑም ያን ቀን ያለ ድምፅ ማጉያ ስለነበር እንደ ሩቅ ጥሪ ነው የተሰማው። ሳህሉ ብቻውን ቀረ። ከግቢው በር አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት አንድ ሻይ አስመጥቶ፣ አሮጌ የመኪና ወንበር ላይ ተቀምጦ የፕራዶዋን ቀኝ ጎን አየ። ባዶ ነው። አሮጌውም የለም፣ አዲሱም የለም። ከመሬት እስከ በሩ ድረስ ያለው ርቀት እንዲህ ሆኖ ሲታይ የቤት አጥር መዝለል ነው የሚመስለው። በዚህ በኩል እናቱ ራሷ ልትወጣ? የማይታሰብ ነው። መብራት ባይመጣ… እስቲ ባይመጣ! ስምንት ሰዓት ይደርሳል፣ ሰርግ አይጠብቅም። እናቱ በር ላይ ቆማ «ሳህሉ! ና አንሳኝ!» ትላለች። ሰዉ ያያል። ባምላኩ ዘጠኝ ሺህ ብሩን ይዞ ቆሞ ያያል። አምላኬ ሆይ፣ መብራት አታምጣ ብሎ የጸለየ ሰው ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ያን ቀን እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሻዩን ሳይጨርስ መብራት መጣ። የመጣው በጸሎት ቤቱ በኩል ነው፤ ከጋራዡ በላይ ያለው የወንጌላውያን ጸሎት ቤት ኮንፈረንስ ነበረው፣ መዘምራኑ ከጠዋት ጀምሮ በባዶ ጉሮሮ ሲዘምሩ ቆይተዋል። ድንገት ድምፅ ማጉያው ከመዝሙሩ መሀል ፈንድቶ፣ ኪቦርዱ ተከትሎ፣ ሰፈሩ በሙሉ «ሃሌ ሉያ!» አለ። ጀይላን አንጠልጥሎት የሄደው አምፖል ከዛፉ ስር ቦግ አለ። ሳህሉ ተነሳ። አምፖሉን አየ፣ በሩን አየ። ጀይላን ሰግዶ እስኪመለስ ጥቂት ነው የሚቀረው። አዲሱ የቀኝ መረገጫ የአቮካዶውን ግንድ ተደግፎ ቆሟል፣ ጎማው ያብረቀርቃል፤ የእናቱ መዳፍ የዳሰሰው ያው ነው። ሳህሉ የሻይ ብርጭቆውን ለባለቤቷ መለሰ፤ ሒሳብ ከፈለ። ከዚያ ፕራዶዋ ውስጥ ገባና አስነስቶ ወጣ። ለጀይላን አልደወለለትም። መረገጫው ዛፉን እንደተደገፈ ቀረ።

ቤት ሲደርስ እናቱ የሳሎኑ ደፍ ላይ ነበረች። አዲሱን የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተሠርታለች። በአንድ እጇ መቃኑን፣ በሌላው የእትዬ ዙሌይካን ክንድ ይዛ፣ አንድ እግሯን ደፉ ላይ አሳርፋ ትነሳለች፤ ትወርዳለች፤ ደግሞ ትነሳለች። ግንባሯ አልቧል። ልጇን ስታይ አፈረች፣ ከዚያ እንደ ልጃገረድ ሳቀች።

«እየተለማመድኩ ነው» አለች። «ድንኳኑ በር ላይ ሰው ፊት እንዳልዋረድ!»

«ከጠዋት ጀምሮ ይኸው ነው ሥራዋ» አሉ እትዬ ዙሌይካ። «ክንዴን ገነጠለችው እኮ!»

ሳህሉ ሰዓቱን አየ። ገና ሰባት ሰዓት ነው። ተመልሶ ቢሄድ ጀይላን ግማሽ ሰዓት ነው ያለው፤ ይደርሳል፣ በደንብ ይደርሳል። ይሄንን ሁሉ አሰበ። ከሳሎኑ ውስጥ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይሰማል፣ ባምላኩ ኳስ እያየ ነው። ሳህሉ አፉን ከፈተና «የግራው ብቻ ነው የተገጠመው፣ በቀኙ በኩል ቡሎን ተቆረጠ። ጀይላን ሰፈር መብራት የለም» አለ። የእናቱ እግር ደፉ ላይ እንዳለ ቆመ። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ወዲያው አልጠፋም፤ የሚሄድበት እንዳጣ ሰው ትንሽ ቆይቶ ነው የሄደው። «ይሁን፣ ምን ይደረጋል» አለችና ነጠላዋን አስተካከለች።

መሄጃው ሲደርስ ሁሉም ከግቢው በር ወጣ። ጎረቤት እንደ ልማዱ ቆሟል፣ ሁለት ባለባጃጆችም አሉ። ሳህሉ የጋቢናውን በር ከፍቶ፣ እጅጌውን ጠቅለል አድርጎ፣ ወደ እናቱ ጎንበስ አለ። እናቱ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ተወኝ! ዛሬስ አልነሳም» አለች። «ሰው ፊት ቀሚሴ ተሰብስቦ፣ ጉልበቴ እየታየ፣ እንደ ኩንታል ስጫን… አፍሬ አፍሬ አለቅኩ እኮ! አንተ ደግሞ ታነሳኝና ትንሽ ይዘኸኝ ትቆማለህ።»

ትንሽ ይዞ ይቆማል። እውነት ነው፣ ይቆም ነበር፤ ሰው እንዲያይለት። አይታው ኖሯል። ሳህሉ ክንዶቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። ያን ጊዜ ባምላኩ ከወዲያ በኩል «እማዬ፣ ምን ያስጨንቅሻል፣ በኔ በኩል ነይ!» ብሎ ጮኸ። «እዚህ አለ አይደል እንዴ መረገጫው! ከኋላዬ ተቀመጪ።» እናቱ መኪናዋን ዞረች። የኋላውን በር እጀታ ያዘች፣ ግራ እግሯን ጎማው ላይ አሳረፈች፣ ከጠዋት ጀምሮ ደፉ ላይ እንደተለማመደችው ብድግ አለች፤ ገባች። እትዬ ዙሌይካ እልል አሉ። ባለባጃጆቹ አጨበጨቡ። ማንም ወደ ሳህሉ አላየም። የከፈተው የጋቢና በር ክፍቱን ነው።

«ጋቢና ባዶ ነው፣ ግባ እንጂ!» አለው ባምላኩ።

ሳህሉ ለስንት ጊዜ በዚያች ወንበር ቀንቷል! ከኋላ ተቀምጦ የእናቱን ጀርባ እያየ፣ መስታወቱ ላይ የሚወዛወዘውን መስቀል እያየ፣ አንድ ቀን ከፊት ተቀምጬ በሚዛን መሀል ባልፍ ብሎ ተመኝቷል። ይኸው ገባ። መኪናዋ ከመሬት ርቃ ስለነበር የበሩን እጀታ ይዞ ተንጠላጥሎ ነው የገባው። በመሀል ከተማ ሲያልፉ የሚያውቁት ሰዎች አዩት፤ ዓይናቸው ከሱ ላይ ተነስቶ ወደ ኋላ፣ ወደ እናቱ ሲሄድና ተመልሶ እሱ ላይ ሲያርፍ አየ። ልጅ ጋቢና፣ እናት ከኋላ። መስኮቱን ከፍ አደረገው። ከኋላ እናቱ ለብቻዋ ታወራለች፤ ጎማው እንዴት እንደያዛት፣ ሳታስበው እንዴት እንደወጣች።

የአማን መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ የባምላኩ ስልክ ጮኸ። «አቤት ጀይላን» አለ። ከዚያ ሰማ። «እ? መቼ?» አለ። ደግሞ ሰማ። ሳህሉ ጉልበቶቹ ላይ ያለውን እጁን አየ። ጀይላን ሲያወራ ስለሚጮህ «መብራቱማ ያኔውኑ መጣ እኮ፣ ተመልሼ ብመጣ መኪናም የለም ሰውም የለም!» የሚለው ከስልኩ ወጥቶ ጋቢናው ውስጥ ተሰማ። እናታቸው ጆሮዋ ደከም ያለ ነው፣ አልሰማችም። «እሺ፣ ይሁን» አለ ባምላኩ። «ነገ ራሴ አመጣታለሁ።»

«ማነው?» አለች እናቱ ከኋላ።

ባምላኩ ወደ ሳህሉ አንዴ ብቻ ዞሮ አየው። ያ ትልቅ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። «ጀይላን ነው እማዬ፣ የቀኙን ነገ እጨርሳለሁ ይላል» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ምነው በሰደበው! ምነው መኪናዋን አቁሞ «አንተ ምቀኛ» ብሎ ባወረደው! ያኔ እኩል ይሆኑ ነበር፤ ሳህሉም የሚመልሰው ነገር ነበረው፣ የሰላሳ ዓመት የሚመልሰው ነገር። ባምላኩ ግን ይሄንንም ሰጠው፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ዋጋውን ሳይናገር ሰጠው። ሳህሉ በዚህም ቀና። ዝም ማለት መቻሉን እንኳ ቀናበት። እስከ አማን ድረስ ወንድማማቾቹ መንገድ መንገዱን እያዩ ሄዱ።

ድንኳኑ ከመንገዱ በቀኝ በኩል ነበር የተተከለው፣ ሰዉ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ ፈስሷል። ፕራዶዋን ገና ከሩቅ ሲያዩ ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። ማናልሞሽ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላዋ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሮጡ። እንዲህ ያለ እንግዳ ሲመጣ የሚኬደው ወደ ጋቢና በር ነው፤ ትልቅ ሰው የሚቀመጠው እዚያ ነዋ! «ወይኔ እህቴ፣ ወይኔ በየነች!» እያለች ማናልሞሽ በሩን በረገደችው። እጆቿን ወደ ላይ እንደዘረጋች ቀረች። ጋቢና የተቀመጠው ሳህሉ ነው። እልልታው ከፊተኞቹ ጀምሮ እየቆመ ወደ ኋላ ሄደ።

«እህቴስ?» አለች ማናልሞሽ። ወደ ውስጥ አየች፤ የኋላው ወንበር ባዶ ነው፣ የወዲያኛው በር ተከፍቷል። «ከኋላ አድርገሃት ነው የመጣኸው? እናትህን?»

ያን ጊዜ እናቱ በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ዞራ መጣች። በመንገዱ በኩል፣ ማንም ሳይቀበላት፣ ማንም ሳይዛት ወርዳ፣ ቀጥ ብላ በእግሯ መጣች። አንዲት እጥፋት ቀሚሷ ላይ የለችም። ፊቷ በርቷል።

«ልጄ ነው!» አለች ለእህቷም ለሰዉም። «ልጄ ሳህሉ ነው ያስገጠመልኝ! ዛሬ ሰንበትን ጋራዥ ውሎ፣ ቁርሱን እንኳ በቅጡ ሳይበላ፣ እኔ እንዳላፍር ብሎ። አየሽኝ ማናልሞሽ? ራሴ ወርጄ መጣሁ! እስቲ ጠይቂው፣ አይደለም እንዴ ባምላኩ?»

ባምላኩ የሾፌሩን በር ዘግቶ ከወዲያ ማዶ ቆሟል። ፊቱ በጣሪያው ስለተከለለ ሳህሉ አያየውም፣ ድምፁ ብቻ ነው የተሰማው።

«አዎ» አለ። «እሱ ነው።»

እልልታው ተመልሶ ቀለጠ። «ተባረክ! እንዳንተ ያለ ልጅ ይብዛ!» አሉ ሴቶቹ፣ እጃቸውን ወደሱ እየዘረጉ፤ እናቱም ከመሀላቸው ሆና «ና ውረድ፣ ልጄ» አለችው። ሳህሉ የበሩን እጀታ ያዘና ሰው ሁሉ እያየው ቀኝ እግሩን ወደ ታች ሰደደ። በእግሩ መረገጫውን ፈለገ። አልነበረም።